ቁመት ያልተጻፈበት ካርድ፦ በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ስለሚታየው ከመጠን ያለፈ ክብደት

በደብረ ብርሃን ከተማ በጤናማ እናትነት ወር ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ በዚህ በጥር ብርድ ከመንዝም፣ ከሞረትና ጅሩም፣ ከቀወትም በሌሊት ተነሥታችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በየዓመቱ ጥር ሲመጣ የምንነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ምጥ መርዘም፣ ጤና ተቋም ሳይደርሱ በቤት ስለሚወልዱ እናቶች ነው። እነዚህ ጉዳዮች ዛሬም አላለቁም፤ ማንም አልቀዋል እንዲላችሁ አልፈልግም። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን በእኛ አካባቢ ሲነሣ ሰው ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከመጠን ያለፈ ክብደትና ከልክ ያለፈ ውፍረት በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ምን ያህል እንደሚታይና እኛ ለምን እንደማናየው ነው።

አንዲት ሴት ካገባች በኋላ ሞላ ስትል «ተመችቷታል» እንላለን። ከሳ ስትል ደግሞ «ምን ነካት?» ብለን እንጠያየቃለን። በእርግዝና ጊዜማ ውፍረት እንደ ምሥራች ይቆጠራል፤ «ፅንሱ ተስማማት»፣ «ወዟ ወጣ» ይባላል፣ ባሏም ይመሰገናል። ይህን አነጋገር አላወግዘውም። ረሃብን ካየ ሕዝብ አፍ የወጣ አነጋገር ነውና። የ1977ቱ ረሃብ በዚህ በሰሜን ሸዋ ምን እንዳደረሰ በዐይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ለእነርሱ የሞላ ጉንጭ ማለት በሕይወት መትረፍ ማለት ነው። ነገር ግን ያ ጊዜ ያወረሰን ዐይን የከሳችውን ሴት ወዲያው ሲለይ የወፈረችውን ግን «እሷ ደህና ናት» ብሎ ያልፋታል፤ የጤና ባለሙያውም ዐይን ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም።

እስቲ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም. ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላቸው 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ይህ አኃዝ 8 በመቶ ደርሷል። በዚያው ዘመን ውስጥ ከሚገባው በታች የከሱት ሴቶች ከ30 በመቶ ወደ 22 በመቶ ወርደዋል። ስለዚህ በአገር ደረጃ ካየነው በ2008ቱ ጥናትም ክሳቱ ከውፍረቱ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው እየወረደ ሌላኛው እየወጣ ነው፤ የከተማው አኃዝ ደግሞ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። 8 በመቶ የሚባለው አማካይ የሚያሳስት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ማለዳ ተነሥታ በመንዝ አቀበት ውኃ የምትቀዳዋን ሴትና እዚሁ ከተማ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠዋን ሴት አንድ ላይ ደምሮ የወጣ ቁጥር ነውና።

ከዚህም ሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚህ ጥናት ውስጥ የሴቶች ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሲሰላ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ ሴቶች ከስሌቱ ይወጣሉ። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው፤ የእርግዝናው ክብደት ስሌቱን ያዛባዋል። ውጤቱ ግን ያ ሁሉ ቤት ለቤት የተደረገ ልኬት ዛሬ ስለምንነጋገርባት እናት ምንም የማይነግረን መሆኑ ነው። እርሷን የምትቆጥራት አገራዊ ጥናቷ ሳትሆን ጤና ጣቢያ ያለችው የክትትል ካርዷ ናት፤ ካርዷ በትክክል ካልተሞላች ደግሞ ያች እናት በየትም አልተቆጠረችም።

ካርዳቸውን በትክክል የሚሞሉ አገሮች ምን እንዳዩ ብንመለከት ይጠቅመናል። በእንግሊዝ አገር በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበራቸው እናቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ከመቶ 7.6 ነበሩ፤ በ2007 ወደ 15.6 ወጡ፤ ይህም ማለት በ18 ዓመት ውስጥ በእጥፍ አድጓል። በአሜሪካ ደግሞ ከማርገዛቸው በፊት ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበራቸው ወላዶች በ2016 ከመቶ 26.1 የነበሩ ሲሆን በ2019 ከመቶ 29 ደርሰዋል፤ ይህ በሦስት ዓመት ልዩነት ብቻ ነው። በዓለም ደረጃ በተሠራ ግምት በ2014 ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበራቸው ነፍሰ ጡሮች ወደ 38.9 ሚሊዮን፣ ከእነዚህም ውስጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበራቸው 14.6 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። ከሁሉም አገር ብዙ እንዲህ ያሉ ነፍሰ ጡሮች የተገኙት በሀብታሞቹ አገሮች ሳይሆን የከሱ እናቶችም በብዛት በሚገኙባት በህንድ ነው። «ይህ የጠገበ አገር በሽታ ነው» ለሚል ሰው መልሴ ይህ የህንድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት እሠራ በነበረበት ጊዜ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ያላት አንዲት እናት በሁለተኛ እርግዝናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክትትል መጣች። ሰባት ወሯ ነበር። ሚዛን ላይ አወጣኋትና 81 ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ክንዷን ለካሁ፤ 33 ሳንቲ ሜትር ሆነ። መለኪያው ከ23 በታች ከሆነ ምግብ እጥረት አለባት እንላለን፤ እርሷ ከ23 እጅግ ስለበለጠች «ደህና ናት» ብዬ ምልክት አደረግሁ። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዷን አልዞር ብሎ ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ፤ በሦስተኛው እንደምንም አጥብቄ ለካሁት። የቁመት ቦታው ባዶ ቀረ። ማንም እንዳልሞላው አየሁ፤ እኔም አልሞላሁትም፤ ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነበር።

ሴትዮዋ በሌሊት ምጥ ይዟት መጣች። ምጡ ረዘመ፤ በመጨረሻ የሕፃኑ ጭንቅላት ወጣና ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ መጥለቅ አለ። አዋላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ትከሻው ተይዟል። ሁለታችን ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጥፈን ያዝን፤ ሦስተኛዋ ባልደረባችን ከብልቷ አጥንት በላይ ተጫነች፤ ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሕፃኑ ወጣ። 4.6 ኪሎ ነበር። አማቷ ከውጭ ሆነው ክብደቱን ሲሰሙ እልል አሉ። እኔ ግን ቀኝ እጁ ተዘርግቶ እንደማይንቀሳቀስ አይቼ ነበር፤ እልልታቸውን ማቋረጥ አቃተኝ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሕፃኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ስናየው የደሙ ስኳር ወርዶ ተገኘ፤ በጡትና በስኳር ውኃ ደግፈን ወደ ሆስፒታል ላክነው።

እናቲቱን ከመሸኘታችን በፊት በማዋለጃው ክፍል በር መቃን ላይ አስደግፌ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁና በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። ቁመቷ 1.52 ሜትር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። 81 ኪሎን ከዚህ ቁመት ጋር ስናሰላው (ስሌቱን ወዲያው እገልጸዋለሁ) 35 ይሆናል፤ የእርግዝናው ነው ብለን 9 ኪሎ ብንቀንስላት እንኳ 31 ይሆናል፤ ይህም ያለ ጥርጥር ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። የስኳር ምርመራ ሊደረግላት፣ ቀዶ ጥገና በሚሰጥበት ሆስፒታል እንድትወልድ ሊነገራት፣ የደም ግፊቷ በሰፊ ጨርቅ ሊለካ ይገባ ነበር። ከእነዚህ አንዱም አልተደረገም።

ስሌቱን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጸው፤ ቢኤምአይ ይባላል። መነሻው ከ190 ዓመት በፊት ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሰው ኬትሌ ያቀረበው ቀመር ነው። ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት አካፍሉት፤ የወጣውን እንደገና ለዚያው ቁመት አካፍሉት። ከ18.5 በታች ከሆነ ሴትዮዋ ከስታለች፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው፤ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ሁለት እናቶች ሁለቱም 68 ኪሎ ይመዝኑ እንበል። አንደኛዋ 1.68 ሜትር ከሆነች ስሌቷ 24 ነው፤ ምንም አይደለችም። ሁለተኛዋ 1.55 ሜትር ከሆነች ስሌቷ ከ28 በላይ ነው። ሚዛኑ ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ የሚለያቸው ቁመታቸው ነው። ካርዱ ላይ ኪሎ ብቻ መጻፍ ስለ እናቲቱ ግማሽ ነገር መጻፍ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ የሚያገለግለው ግን በጊዜ ከተሠራ ነው። እናት ከማርገዟ በፊት የነበራት ክብደት ቢገኝ መልካም ነበር፤ በእኛ አካባቢ ግን ታማ ካልሆነ በቀር ከእርግዝና በፊት የምትመዘን ሴት ብዙም የለችም። እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ የሚጨመረው ክብደት ትንሽ ስለሆነ በዚያ ጊዜ የተወሰደ ልኬት እንደ ፊተኛው ክብደት ሊቆጠር ይችላል። ችግሩ በ2008ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከመቶ 20 ብቻ መሆናቸው ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስ ያለ ጥናት ወደ 28 ከፍ ብሏል፤ ያም ቢሆን ግን ከሦስት እናቶች አንዷ እንኳ አልሆነችም። እርግዝናን እስኪገፋ ድረስ መደበቅ፣ «ዐይን ይበላዋል» ብሎ መፍራት፣ ወይም «ገና ምኑ ተይዞ» ማለት አለ። የክንድ ዙሪያ መለኪያ በእርግዝና ጊዜ ብዙ ስለማይለዋወጥ ዘግይታ ለመጣች እናት ጥሩ ምልክት ይሰጣል፤ እኛ ግን የምናነበው ወደ ታች ብቻ ነው። 20 ስናይ እንደነግጣለን፤ 33 ስናይ እንደሰታለን።

ያ ሕፃን ለምን ያን ያህል ከበደ? ለምንስ ከተወለደ በኋላ ስኳሩ ወረደ? ይህን መረዳት ሌላውን ሁሉ ለመረዳት ስለሚያግዝ ጥቂት ልቆይበት። በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ሰውነት ውስጥ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ቅመሞች (ሆርሞኖች) የእናቲቱን ኢንሱሊን፣ ማለትም ከቆሽት የሚመነጨውንና ስኳርን ከደም የሚያወጣውን ቅመም፣ ሥራ ያከብዱታል፤ ይህ ስኳር ለፅንሱ እንዲተርፍ የተሠራ ሥርዓት ነው። ከልክ ያለፈ ስብ ባለበት ሰውነት ግን የኢንሱሊን ሥራ ከመጀመሪያውም የከበደ ስለሆነ የሁለቱ ጫና ተደራርቦ ስኳሩ ከደም ውስጥ አልወጣ ይላል። ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ፅንሱ የራሱ ቆሽት አብዝቶ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገደዳል፤ ያ ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ስቡም በተለይ ትከሻና ሆድ ላይ ይከማቻል። ጭንቅላቱ አልፎ ትከሻው የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ስኳር በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ሕፃኑ ያመረተው ኢንሱሊን ግን በደሙ ውስጥ አለ፤ ስኳሩም ይወርዳል። በዘጠኝ አገሮች ከ23 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣ ጥናት የእናት ስኳር «በሽታ ነው» ከሚባለው ልክ በታች እያለ እንኳ ከፍ ባለ ቁጥር የሕፃኑ ክብደት አብሮ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ከስኳር ሌላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላት እናት በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት፣ ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ፣ የደም መርጋት፣ በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድልና የቁስል መመርቀዝ ይበዛባታል፤ ፅንስ በማህፀን የመሞቱም አደጋ ከፍ ይላል። የደም ግፊት ስትለኩ ጠባብ ጨርቅ ወፍራም ክንድ ላይ ከሆነ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይነበባል፤ ሰፊውን ጨርቅ ፈልጉ፣ ከሌለ ጠይቁ፣ ካልመጣም ደጋግማችሁ ጠይቁ።

አሁን ስለ ሰሜን ሸዋ የተለየ ነገር ልናገር፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም በዋነኛነት ስለዚህ ነው። በ2008ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል 46 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው አንጻር የቀጨጨ ነበር። ይህ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ካሉት ክልሎች ከፍተኛው ነበር። እነዚያ ሴት ልጆች ያድጋሉ። አንዳንዷ ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ገጠር ወጥታ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለትዳር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ትመጣለች። ገና በሕፃንነቷ የታጎለው ቁመቷና ዳሌዋ ከተማ ስለገባች አይሰፋም፤ ክብደቷ ግን በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ሊጨምር ይችላል። ከዚያ ታረግዛለች፤ ጠባብ ዳሌ ያላት እናት ትልቅ ሕፃን ትሸከማለች። ስለዚህ ክሳትና ውፍረት የሁለት የተለያዩ ሰፈሮች ችግር አይደሉም፤ በአንዲት ሴት ሰውነት ውስጥ አንዱ በልጅነቷ፣ ሌላው በጎልማሳነቷ ይገናኛሉ። ምጥ ታፍኖ ማህፀን የሚተረተርበት፣ ፊስቱላ የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የዚያች ሻይ ቤት ያላት እናት የ1.52 ቁመት የመጣው ከአባቷ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ልጅነቷን ያሳለፈችው ክፉ ዘመን በነበረበት ቀዬ ነው።

ክብደቱስ ከየት ይመጣል? ሰው ስለጠገበ ብቻ አይደለም። ገጠር ያለችው እህት ትወቅጣለች፣ ትፈጫለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች። ከተማ ስትገባ ወፍጮው በኤሌክትሪክ ነው፣ ውኃው ግቢ ነው፣ ገበያው በባጃጅ ነው። ሥራው መቀመጥ ወይም አንድ ቦታ መቆም ነው፤ ከፋብሪካ በፈረቃ የምትወጣ ልጅም በመንገዷ የምታገኘው ዳቦና ሻይ ነው። የገብስ ቆሎ፣ በሶና ባቄላ ወደ ኋላ ሲቀሩ ብስኩት፣ ጣፋጭ መጠጥና የረጋ ዘይት ቦታውን ይወስዳሉ፤ ዋጋቸውም ከእንቁላልና ከወተት ይልቅ ለድሃ ኪስ ይቀርባል። ብዙዎች ውፍረትን የሀብታም ነገር አድርገው ያዩታል፤ በከተማችን ግን ርካሹ ምግብ የሚያወፍረው ምግብ እየሆነ ነው። ያች እናት ደንበኛ ሲጠራት አብራ ሻይ ትጠጣ ነበር። በቀን ስድስት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን 18 ማንኪያ ነው፤ ይህም ቢያንስ ወደ 290 ካሎሪ ይሆናል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ ውፍረትና የደም ማነስ አብረው ሊገኙባት ይችላሉ፤ ወፍራም ሴት ደም አያንሳትም ብላችሁ እንክብሉን እንዳትተዉ።

ወደ ምክሩ ስንመጣ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ አለ። ወፍራም እናት አገኘን ብለን «ቀንሺ» አንላትም። እርግዝና መክሳት የሚታሰብበት ጊዜ አይደለም፤ መመጠን ያለበት የሚጨመረው ኪሎ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከስታ ያረገዘች እናት ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ፣ ጤናማ ክብደት የነበራት ከ11.5 እስከ 16፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራት ከ7 እስከ 11.5፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበራት ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል። የከሳችውን እናት «ብዪ» ማለት የወፈረችውን «መጥኚ» ከማለት ጋር አይጋጭም፤ ሁለቱንም ለየብቻ መናገር የሚቻለው ግን ቁመቷንና ኪሎዋን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ሁሉንም በጅምላ «ለሁለት ብዪ» ማለት ለአንዷ መድኃኒት፣ ለሌላዋ ጉዳት ነው።

ለነገሩ «ለሁለት መብላት» የሚባለው ስንት ነው? በመጀመሪያው ሦስት ወር ተጨማሪ ምግብ ከሞላ ጎደል አያስፈልግም። በመካከለኛው ሦስት ወር በቀን ወደ 340 ካሎሪ፣ በመጨረሻው ወደ 450 ካሎሪ ይጨመራል። 340 ካሎሪ አንድ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ ቁራጭ ዳቦ ነው። ሌላ ሙሉ ሰው የሚበላው አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ «ፅንሱ ይፋፋና ምጥ ይጸናብሻል» እየተባሉ እንቁላልና ወተት የሚከለከሉ እናቶች አሉ። የሚገርመኝ ይህ ፍርሃት ከእውነት የራቀ አለመሆኑ ነው፤ አያቶቻችን የሕፃን መተለቅ አደጋ መሆኑን ያውቁ ነበር። የሳቱት የሚከለከለውን ነው፤ እንቁላሉን ከልክለው በቅቤ የራሰውን ገንፎና በስኳር የጣፈጠውን አጥሚት አብዝተው አቀረቡ።

እንዲህ ያለውን ምክር ስትሰጡ አነጋገራችሁን ጠብቁ። ወፍራም እናት በወረፋ ፊት «ወይ ጉድ፣ አንቺማ ሚዛኑን ሰበርሽው» ስትባል ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እርሷም ሳቀች፣ ሁለተኛ ግን አልመጣችም። ክብደት በመጋረጃ ውስጥ ይለካ፤ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ አይጠራ። «እህቴ፣ ከዚህ ኪሎ ላይ እስክትወልጂ ሰባት ስምንት ብትጨምሪ ይበቃሻል፤ ሻዩን በአንድ ማንኪያ አድርጊው፤ ማታ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ግማሽ ሰዓት ተራመጂ» ብትባል ትሰማለች። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል በእግር መሄድ፣ ሐኪም ካልከለከላት በቀር፣ ለነፍሰ ጡርም የሚመከር ነው። የምትጾም ከሆነችም አታከራክሯት፤ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ንገሯት፤ ዛሬ በመካከላችን ያሉት ካህናት በዚህ ከማናችንም በላይ ሊረዱን ይችላሉ።

አራስ ቤትም አይረሳ። የአራስ ገንፎ፣ የአራስ ጠያቂ፣ የሚታረደው በግ፣ ሁሉም የፍቅር ነው፤ ማንም እንዲቀር አልመክርም። ነገር ግን በእርግዝና የተጨመረው ኪሎ በአራስ ቤት ሳይወርድ የሚቀጥለው እርግዝና ከተጨመረበት ክብደቱ እየተደራረበ ይሄዳል። በስዊድን ከ150 ሺህ በላይ እናቶችን በሁለት እርግዝና መካከል ያነጻጸረ ጥናት ስሌታቸው በ3 ነጥብና ከዚያ በላይ የጨመረ እናቶች የደም ግፊት፣ የስኳርና የፅንስ ሞት አደጋ ከፍ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ያውም ከጤናማ ክብደት ያልወጡትንም ጨምሮ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ለክትባት በመጣ ቀን እናቲቱንም ሚዛን ላይ አውጧት። ከፊታችሁ ቆማለች፤ ሌላ ቀጠሮ አያስፈልጋትም።

ያ ሕፃን እጁ በስድስተኛ ወሩ ገደማ መንቀሳቀስ ጀመረ። እናቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ሦስተኛዋን ስታረግዝ ገና በአሥረኛው ሳምንት መጣች፤ ማንም ሳይጠራት ራሷ ነች የመጣችው። ጫማዋን አወለቀች፣ ሻሿን ፈታች፣ ተረከዟን ከግድግዳው አስጠግታ ቆመች። ካርዷ ላይ 75 ኪሎ፣ 1.52 ሜትር ብዬ ጻፍኩ፤ ስሌቱም 32 ተኩል ሆነ። በ26ኛው ሳምንት ስኳሯ ጥቂት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሻይዋን ያለ ስኳር አደረገች፣ ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ በባጃጅ መሄዱን ትታ በእግሯ ተመላለሰች፤ እስክትወልድ የጨመረችው ሰባት ኪሎ ነው። የወለደችው ሆስፒታል ነው። ሴት ልጅ ናት፤ 3.4 ኪሎ።